ዓርብ የእኛ፣ ሚካኤል የእነሱ

ዛሬ ሰኔ ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላጥፍ፣ ጀሪፍ ባለው ግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር በገመድ አልጋዬ ላይ አረፍ ብያለሁ። ከዓባይ በኩል ነፋስ ተነሥቷል። ሱዳኖቹ ደዓሽ ይሉታል፤ ዝናብ ገና ሳይደርስ ሽታውን አስቀድሞ የሚያመጣ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ነው። የራሰ አፈር፣ የራሰ አቧራ፣ የራሰ ፍየል ይሸታል። ሌላ ሰው ይህን ሲያሸት ምን ትዝ እንደሚለው አላውቅም። እኔ ትዝ የሚለኝ ምስማር ነው። ምስማርና ቆርቆሮ፣ ቡናማ የመጠቅለያ ወረቀት፣ ከእነሱም ጋር ወጣትነቴ።

አጠገቤ የወንድሜ ልጅ ረድኤት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትነጫነጫለች። ዩኒቨርሲቲ ገና መግባቷ ነው፤ የፕሮጀክት ሥራ አመራር መሠረታዊ ትምህርት የሚባለውን ጀምራለች። እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ላይ ዓረብኛ እንደ ጨው ጣል ጣል ይላል።

“አክስቴ፣ ወላሂ ይኼ የኮምፒውተር በርናሚጅ አደከመኝ።”

“ምን አለሽ ደግሞ?”

“የሠራተኞቹ የዕረፍት ቀን የቱ ነው ይለኛል። ዓርብ ልበል እሑድ?”

“ለየትኞቹ ሠራተኞች?”

“ለኩሉሁም፣ ለሁሉም። አንዴ ነው የሚጠይቀው።”

ሳቄ መጣ። አፌን በነጠላዬ ብሸፍንም አላስቻለኝም። ረድኤት ቅር አላት፤ “ምን ያስቅሻል?” አለችኝ። “ልጄ፣ ይህን ጥያቄ እኔም በአንቺ ዕድሜ ተጠይቄዋለሁ። ኮምፒውተሩ ባያውቅም መልሱን ጀሪፍ ያውቀዋል። እስቲ እሱን ክደኚውና ስሚኝ” አልኳት። አንድ ጊዜ ከጀመርኩ እንደማላቆም ስለምታውቅ ትራስ ይዛ ተመቻቸች።

ያን ጊዜ የነበረችው ካርቱም ሌላ ነበረች፤ ወይም እኔ ሌላ ነበርኩ። አባቴ በፖለቲካ ነገር ከአገር ወጥቶ እኔን በሕፃንነቴ ይዞኝ የመጣ ሰው ነው፤ የቱ ፖለቲካ እንደነበር በስተእርጅናው እሱንም ያምታታው ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ጠዋት ጠዋት ካፉሪ በአንድ ትልቅ ቪላ አጸዳለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። ድልድዩን አሻግሮ ሱቅ ዓረቢ የሚያደርሰው ሀፍላ ሒሳቡ አንዲት ሳንቲም ነበረች። መዳፌ ውስጥ ጨብጬ እይዛትና እስክወርድ በላቤ ትርሳለች። ዛሬ አንድ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ለመጠጣት ብር በላስቲክ ታስሮ ነው የሚኬደው። ከሀፍላው ስወርድ ጥጉ ላይ የካሴት ሱቅ ነበረ፤ የእኛ ዘፈንና የእነሱ ዘፈን ተራ በተራ ይለቀቅበታል። ሱዳኖቹ የእኛን ቃሉን ሳያውቁ ያንጎራጉራሉ፤ እኛም የእነሱን እንዲሁ። ትከሻ ግን ትርጉም አይፈልግም፣ ሁላችንም እኩል እንንቀጠቀጥ ነበር። ከመተማ ነጋዴዎች የገዛኋት ሰማያዊ ጉርድ ነበረችኝ። አንድ ጉርድ ብቻ እንዳለኝ እንዳይታወቅብኝ ሸሚዙን እቀያይራለሁ። ማንም አልተሸወደም፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ነበር የምሄደው።

አስተማሪያችን ዶክተር ሀሺም ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ጠይም፣ ጥምጣማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ገብተው ጠመኔ አነሡና፣ “ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ነው። መጨረሻ የሌለው ትዳር ነው” አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሥራን እንዴት እንደሚከፋፍሉት፣ የቱ የቱን እንደሚጠብቅ፣ አንዷ ስትዘገይ ሁሉን ይዛ የምትዘገየው ወሳኝ መስመር የትኛዋ እንደሆነች በቀለም ጠመኔ እያሰመሩ አሳዩን። ያን ቀን የተሰማኝን መቼም አልረሳውም። እስከዚያ ድረስ ሕይወት የምትወርድብኝ ነገር ነበረች፤ ዝናብ ብትሉ፣ ሕመም ብትሉ፣ የቤት ኪራይ ብትሉ። አሁን ግን አንድ ሰው መጥቶ ነገን በወረቀት ላይ ማስመር ይቻላል እያለኝ ነው። ደስታዬ እንባ እንባ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው አማል፣ ጀብራ ሰፈር የምትኖር ሱዳናዊት፣ አረንጓዴ ቶቧን ከትከሻዋ እያስተካከለች፣ “ያ የሺ፣ በሒሳብ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ አየሁ” ብላ ቀለደችብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ሆንን።

የዓመቱ ማሳረጊያ ሥራ ለሁለት ለሁለት ነበር። ዶክተሩ፣ “እኔ ወረቀት አላርምም። እያንዳንዱ ጥንድ በሰፈሩ አንድ እውነተኛ ነገር ያቁም። ኸሪፍ ሳይገባ መጥቼ የቆመውን አያለሁ። ያልቆመ ካለ ትምህርቱን ይደግማል” አሉ። ኸሪፍ የዝናቡ ወራት ነው። አማል ምን እናቁም ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ግን የሚቆመውን አስቀድሜ መርጬ ነበር።

ጋሽ ታደሰ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሰው፣ እዚህ የዕቃ ግምጃ ቤት ይጠብቃሉ። ከሥራ ሲወጡ ያችኑ ግራጫ ሳፋሪያቸውን አስተኩሰው ለብሰው፣ ዛሬ እኔ በተጋደምኩባት በዚችው ኒም ዛፍ ሥር የሐበሻ ልጆችን ሰብስበው አማርኛ ያስነብባሉ። ሰሌዳው ግንዱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ልጆቹ መሬት ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ኸሪፍ ዝናቡ ሲገባ ትምህርቱ ተዘጋ፤ ሲከፈት ግማሾቹ ልጆች አልተመለሱም። የተመለሱትም ረስተውት ነበር። “አንዷ ሀ የቱ ነው ብላት፣ አሊፍ ብላ መለሰችልኝ” አሉኝ ጋሽ ታደሰ። “ልጆቹ ፊት ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ፣ የሺ። ዘንድሮም በዝናብ ከተዘጋ እኔ ዳግመኛ የምከፍትበት አንጀት የለኝም።” እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት በእሳቸው ነው። እሳቸው ካቆሙ የሚተካቸው አልነበረም፤ ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ስለዚህ አንድ ክፍል እናቆማለን አልን። እስከ ወገብ የጡብ ግድግዳ፣ ከላይ እንጨትና ቆርቆሮ። ግቢው የአከራያችን የዓም ዑስማን ነበር፤ ዓም አጎት ማለት ነው፤ እሳቸው ግንበኛ ናቸው፣ ልጆቻቸውም ግንበኞች። ጉዳዩን ስነግራቸው፣ “ይህማ ነፊር ነው” አሉ። ነፊር የእኛው ደቦ ነው፤ ሰፈር ወጥቶ ለአንድ ሰው የሚሠራበት። ጡቡን እነሱ ሊያነሡ፣ እንጨቱንና ጣሪያውን የእኛ አናጢዎች ሊይዙ ተስማማን። ከሱቅ ለምኜ ባመጣሁት የመጠቅለያ ወረቀት ላይ ዕቅዱን አስምሬ፣ አማል በሚያምር እጇ ጽፋበት፣ ለክፍሉ ልናቀርብ ቆምን።

ዶክተር ሀሺም መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አዩት። “ያ የሺ፣ ይህ የሥራ ዕቅድ ነው ወይስ የበዓላት ማሳወቂያ?” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔ ዓርብን ለእነሱ፣ እሑድን ለእኛ፣ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን፣ በዓለ ወልድን ሁሉ በየተራቸው አጥቁሬአቸዋለሁ። በጠቆረው ቀን ደግሞ ሁሉም ሰው ያርፋል። ሥራው የሚያልቀው ኸሪፍ ገብቶ ከተጋመሰ በኋላ ነበር። ከኋላ አንዱ፣ “ተማሪዎቹ ዋና ይማሩበታል!” ብሎ ጮኸ። ፊቴ እንደ ምድጃ ነደደ። ለምን ሁሉን አጠቆርሽ ብትሉኝ፣ አስተዳደጌ ነው። አንዱ በፀሐይ ላብ እያንጠፈጠፈ ሌላው ነጭ ለብሶ ማረፉ ነውር መሰለኝ። እንግዳ ብቻውን እንዲበላ አይተውም፤ ጎረቤትም ብቻውን እንዲሠራ አይተውም። እኛ እንዲህ ነን፣ ሱዳኖቹም እንዲሁ ናቸው። ዶክተሩ ግን፣ “ዝናቡ ይሉኝታ የለውም። ሌላ ዕቅድ ይዛችሁ ኑ” ብለው አሰናበቱን።

መልሱ የመጣልኝ ካፉሪ፣ ልብስ ስተኩስ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። በዚያ ቪላ ከእኔ ጋር ሐሊማ የምትባል ከኮርዶፋን የመጣች ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ዓርብ ዓርብ እሷ ወደ ቤተሰቧ ትሄዳለች፤ ድስቱን እኔ እይዝላታለሁ። የእኔ በዓል ሲሆን ደግሞ መጥረጊያውን እሷ ታነሣልኛለች። ማንም አላዘዘንም፣ ተነጋግረንበትም አናውቅም፤ የቤቱ እመቤት አንድ ሰው መጉደሉን ልብ ብለው አያውቁም። ያን ቀን ምሳው ቀርቦ፣ እመቤቲቱ ወጡን አመስግነው ሲያበቁ፣ ካውያው እጄ ላይ እንዳለ ቆምኩ። ሐሊማ የለችም፤ ምሳው ግን ቀርቧል። እንዴ! ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይረፍ ያለው ማነው? የእመቤቲቱን ሸሚዝ ለጥቂት ከማቃጠል ተረፍኩ።

ሁለተኛውን ዕቅድ በሁለት ቀለም ሠራነው፤ አረንጓዴው የእነሱ፣ ቢጫው የእኛ። ዓርብ ዓርብ የእኛ አናጢዎች እንጨት ይቆርጣሉ፣ ይገጥማሉ። በእሑዳችንና በበዓሎቻችን እነ ዓም ዑስማን ጡብ ይደረድራሉ። በቀሩት ቀናት ሁሉም አብረው ይሠራሉ። የሥራው ማለቂያ ከኸሪፍ በፊት ገባ። ዶክተር ሀሺም ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ እየጎተቱ ሄዱ ሄዱና አንዲት ባዶ ቦታ ላይ ቆሙ። ሰኔ ሃያ አንድ ነበረች፤ ዓመታዊዋ ማርያም ዓርብ ላይ ውላለች።

“በዚህች ቀንስ?”

“በዚህች ቀን ሁሉም ያርፋል፣ ዶክተር።”

“አላህ ይህችን ቀን ይጠብቃት” አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

ወረቀቱ አለቀ፤ ሰው ግን ቀረ። መጽሐፉ ባለድርሻ አካላት የሚላቸውን እኔ ያወቅኋቸው በእትዬ ብርቄ ነው። እትዬ ብርቄ የሚካኤል ማኅበር እናት ነበሩ፤ ጽዋው የሚጠጣው በዚሁ ግቢ ነው። በሰኔ ሚካኤል ግድግዳ እንደሚሠራ ሲሰሙ ወገባቸውን ይዘው መጡ።

“በሚካኤል ለታ? በእኔ ግቢ? መዶሻ?”

“ግቢው የዓም ዑስማን ነው እኮ፣ እትዬ።”

“ግቢው የሳቸው ነው፤ ጽዋው ግን የኔ ነው!”

“እኛ አንሠራም። የሚሠሩት እነሱ ናቸው።”

“ሚካኤል ከላይ ሆኖ ሲሰማ መዶሻው ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፎበታል?”

ሳቄን ዋጥ አድርጌ መልስ ስፈልግ ዓም ዑስማን ከበሩ ገቡ። ነገሩን ከእኔ ከሰሙ በኋላ ጥምጣማቸውን አስተካክለው እንደ ወጋቸው በልጃቸው ስም ጠሯቸው። “ያ ኡም ዳንኤል፣ የቀኑ ባለቤት ሚካኢል አይደል? እሱን እኛም እናውቀዋለን። አላህ ዝናቡን ያስያዘው ለእሱ ነው ይላሉ ሼኾቻችን። እንግዲህ እኛ የምንሽቀዳደመው ከማን ጋር ነው? ከዝናቡ ጋር። በቀኑ ለሕፃናት ቤት ስንሠራለት ቢያየን፣ ትንሽ አይታገሠንም?”

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ “ይኼን ማን ነገራቸው?” አሉኝ። “ሼኾቹ” አልኳቸው። “እንግዲያውስ ጸሎቱ ሲደርስ መዶሻውን ያቁሙት” አሉና ሄዱ። ዓም ዑስማንም በተራቸው ልመና ነበራቸው፤ መስጊዱ ቅርብ ስለሆነ ዓርብ ዕለት ስብከቱ እስኪያልቅ ምስማር አትምቱ አሉን። ሁለቱንም ዕቅዱ ላይ ጻፍኳቸው። የሰኔ ሚካኤል ዕለት እነ ዓም ዑስማን ጡቡን ሲደረድሩ ዋሉ፤ እትዬ ብርቄም ጾም ስለነበረ ከማኅበሩ ንፍሮና ዳቦ አስይዘው ራሳቸው ወጡ። የዓም ዑስማን የበኩር ልጅ ሙዘሚል፣ እጁ በጭቃ ስለተለወሰ፣ እሳቸው ናቸው ያጎረሱት። ያን ጊዜ ሙዘሚል ጢሙ ገና የበቀለ ጎረምሳ ነበር፤ ጉርሻ እንዴት እንደሚቀበሉ አያውቅበትም፣ አፉን እንደ ጫጩት ከፍቶ ቀረ።

ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ያቺ ባዶ ቀን ግን ስታስጨንቀኝ ሰነበተች። የፈራሁት አልቀረም። በዋዜማው ጣሪያው ላይ ቆርቆሮው ተዘርግቶ ነበር፤ በዓባይ በኩል ያለው ረድፍ ግን ገና አልተመታም፣ ድንጋይ ብቻ ተጭኖበታል። በማግስቱ፣ ማርያም ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰማዩ በደቡብ በኩል ቡናማ ሆኗል። ሀቡብ ነው። ካርቱም የኖረ ያውቀዋል፤ ከመሬት እስከ ሰማይ አፈር ቆሞ ይመጣል፣ በዚህ ወቅት ደግሞ ከኋላው ዝናብ ያስከትላል። ያ ነፋስ ያልተመታ ቆርቆሮ ካገኘ አንዱን አንሥቶ አይተውም፤ ሌላውንም ገንጥሎ ነው የሚሄደው። ሮጥኩ። በመንገድ ላይ አማል ከአንድ ፒክአፕ ኋላ ዘላ ስትወርድ አገኘኋት፤ ሰማዩን አይታ ከጀብራ ድረስ መጥታለች። “ዛሬ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ” አለችኝ እያለከለከች። “እኔና አንቺ እንወጣለን፣ ያላ!” ሕይወቷን ሙሉ መሰላል ወጥታ አታውቅም፤ እኔም እንዲሁ።

ከበሩ ሳንደርስ መዶሻ ሰማን። አንድ አይደለም፣ ብዙ። ገብተን ቀና ስንል ጣሪያው ነጭ በነጭ ሆኗል። በአንዱ መሰላል ከቤተ ክርስቲያን የወጡት አናጢዎቻችን ነጠላቸውን አገልድመው ወጥተዋል። በሌላው መሰላል እነ ሙዘሚል ከጁምዓ ስግደት በቀጥታ፣ የዓርብ ጀላቢያቸውን ወገባቸው ላይ ቋጥረው ወጥተዋል። የሥራ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው የለም። እየመቱ ይጨቃጨቃሉ።

“ዛሬ ማርያማችሁ ናት! ውረዱ፣ ዶሩ የእኛ ነው!” ይላል ሙዘሚል፤ ዶር ተራ ነው።

“ዛሬ ጁምዓችሁ ነው! ተራው የእኛ ነው፣ እናንተ ውረዱ!” ይሉታል የእኛዎቹ።

የወረደ የለም። እያንዳንዱ ወገን፣ ሌላው በዓሉ ነው፣ ዛሬ ብቻችንን ነን ብሎ ነው የመጣው። እትዬ ብርቄ ከመሰላሉ ሥር ቆመው ምስማር የሞላ ጣሳ ይዘዋል። እኔን ሲያዩ ደነገጡ፤ “እኔ አቀብላለሁ እንጂ አልመታሁም፤ ማርያም ይቅር ትበለኝ” አሉ። ጋሽ ታደሰ በዚያች በተተኮሰች ሳፋሪ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ይዘዋል። አማል ቶቧን ወገቧ ላይ ጠመጠመችና ከእሳቸው ጋር ያዘች፤ እኔም ገባሁ። የመጨረሻው ምስማር ገብቶ ሁሉም እየዘለለ ከወረደ በኋላ ዓለም ጨለመ። አዲሱ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተን ዓይናችንን ጨፍነን ቆምን። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ አቃሰተ፣ ፎከረ፤ አልተነሣም። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ከዚያም ወረደ። ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው ትንሽ ከጠበቁ በኋላ፣ ደረቅ መዳፋቸውን ለእኔ አሳዩኝ። በዕድሜዬ ብዙ ደስ ያለኝ ቀን አለ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም።

ዶክተር ሀሺም የመጡት ካሉት ጊዜ ዘግይተው፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው፤ ጀላቢያቸውን ሰብስበው በጭቃው እየተንሸራተቱ። ጋሽ ታደሰ እያስተማሩ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅ ስለማይሰማ ልጆቹ ፊደሉን በጩኸት ነው የሚሉት። ዶክተሩ ከኋላ፣ ከልጆቹ መካከል፣ ዝቅተኛው አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡና እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ስለ ግድግዳውም ስለ ጣሪያውም አልጠየቁኝም።

“ባዶዋ ቀን እንዴት ሆነች?” አሉኝ።

ነገርኳቸው። ጥምጣማቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ዓይናቸውን ጠረጉ። “ያ የሺ፣ እኔ የተማርኩባቸው መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉት ሰው ሁሉ በአንድ ቀን በሚያርፍበት አገር ነው። ይህችን ምዕራፍ ከአንቺ ነው የማስተምራት” አሉ። አስተማሩም። ከእኔ በኋላ የገቡ ተማሪዎች ሲነግሩኝ፣ ያ የመጠቅለያ ወረቀት ዳርና ዳሩ እስኪበላ ድረስ ከሰሌዳው ጎን ተሰቅሎ ነበር፤ ስሙም የየሺ ነፊር ይባል ነበር። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ልጆቹን አስነሥተው፣ “ለሙዲራ አጨብጭቡላት” አሉ። ሙዲራ በዓረብኛ ሥራ አስኪያጅ ናት። ጠዋት የሰው ሸሚዝ ስተኩስ የዋልኩ ልጅ፣ ያችኑ ሰማያዊ ጉርዴን ለብሼ፣ ሙዲራ ተባልኩ። ስሙም በዚያው ቀረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጀሪፍ ውስጥ የሺ ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴን የሚያሳያችሁ የለም።

ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ ብዙ ነገር አቁሜአለሁ። የጤና ጣቢያ፣ የውሃ ማማ፣ መጋዘን፤ ደመወዝ እየተከፈለኝ፣ ወንዶች መሐንዲሶች ጠረጴዛውን ከብበው እኔን እየጠበቁ። በየትኛውም ዕቅዴ ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው የማን በዓል መቼ እንደሚውል ነበር። ጋሽ ታደሰ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያ ክፍል አስተማሩ፤ ሀን ከአሊፍ የለዩ ልጆች ዛሬ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። አንዱ የረድኤት አባት፣ ወንድሜ ነው። አማል ጀብራ ሆና የልጅ ልጅ ታሳድጋለች፤ ስልክ ስትደውል አሁንም በሒሳብ ታለቅሻለሽ ትለኛለች። ከዚያ ክፉው ዘመን መጣና ከተማይቱ ባዶዋን ቀረች። እኛም ሄድን፣ እነሱም ሄዱ። ስንመለስ የክፍሉ ግድግዳ ቆሟል፤ ቆርቆሮው ግን አንድም አልተረፈም። ዘንድሮ ልጆቹ እንደ ድሮው በኒም ሥር ናቸው፤ ሰማዩም ደዓሽ ደዓሽ ይላል። ቆርቆሮ እንደምንም አሰባስበናል። ዛሬ በዓል ስለሆነ ሥራው ነገ ይጀመራል ብለን ነበር፤ ነገ ደግሞ ዝናቡ ይደርስ ይሆን እያልኩ ነው ያነጋሁት።

ይህን ሁሉ ለረድኤት ስነግራት ላፕቶፑ ራሱን አጥፍቶ ነበር። “ታዲያ የዕረፍት ቀኑን ምን ብዬ ልሙላ?” አለችኝ፤ የዛሬ ልጅ ታሪክ ብትነግሪውም መልሱን ነው የሚፈልገው። አፌን ልከፍት ስል ከግድግዳው ማዶ፣ ከትምህርት ቤቱ በኩል፣ መዶሻ ተመታ። አንዴ፣ ደግሞ፣ ከዚያ ሌላ መዶሻ ተጨመረበት። ነጠላዬ መሬት እየተጎተተ ዞሬ ሄድኩ። መሰላሉ ላይ ሙዘሚል ነው። ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ ጉልበቱም አይታጠፍለትም፤ ሁለት ልጆቹ ከላይ ቆርቆሮውን ይዘውለታል። ማንም አልጠራቸውም።

“ያ ሙዲራ!” አለኝ ከላይ ሆኖ፣ ምስማሩን ከከንፈሩ ሳያወጣ። “ዛሬ ሚካኢል አይደል? ዶሩ የእኛ ነው።”

ከመሰላሉ ሥር ያለውን ጣሳ አንሥቼ ምስማር ማቀበል ጀመርኩ። ረድኤት ከኋላዬ ደርሳ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

“አክስቴ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው!”

“ለዚያ እኮ ነው የመጡት” አልኳት።